ምስለ ፍቁር ወልዳ፦ የእመቤታችን ሥዕልና ምልክቶቿ

እመቤታችን ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል በቀኝና በግራ ቆመው የሚታዩባት ሥዕል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ትባላለች፤ ከተወደደው ልጇ ጋር ማለት ነው። በመቅደስ ግድግዳ፣ በብራና መጻሕፍትና በአንገት በሚንጠለጠሉ ታጣፊ የእንጨት ሥዕሎች ላይ ትገኛለች። ዛሬ በአዲስ አበባ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚመላለሱ ታክሲዎች መስታወት ላይም ታትማ ትታያለች። ምእመን ፊቷ ቆሞ የሚጸልይባት ሥዕል ስለሆነች ከዓይኗ እስከ ጣቷ ያለው አሣሣል በልማድ የተወሰነ ነው።

ሥዕሏን ለማንበብ ከሁሉ የሚጠቅመው መልክአ ማርያም ነው። ይህ የግእዝ ድርሰት ከስሟና ከጠጉሯ ጀምሮ ፊቷን፣ ዓይኖቿን፣ ከንፈሯን፣ እጆቿን እያለ እስከ እግሯ ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ ያቀርባል። ደጋሚው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ መልኳን በልቡ ክፍል በክፍል ይሥላል። በህንድ አገርም በአሠራሩ የሚቀራረብ ልማድ አለ። ሂንዱዎች እናት የሚሏትን ላሊታን ከማምለካቸው በፊት መልኳን የሚገልጽ «ድያና» የተባለ ግጥም ይደግማሉ። ቀይ ገላ፣ ሦስት ዓይን፣ በዘውዷም ላይ ጨረቃ አላት። በእጆቿ የያዘችው ገመድ ፍላጎትን፣ የዝሆን መንጃው ቁጣን፣ የሸንኮራ አገዳው ደጋን አእምሮን፣ አምስቱ የአበባ ፍላጻዎች ደግሞ በስሜት ሕዋሳት የሚታወቀውን ዓለም ያመለክታሉ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ላሊታ ለአማኞቿ ራሷ አምላክ ስለሆነች ምልክቶቿ የእርሷን ሥልጣን ይናገራሉ። ማርያም ግን ፍጡር ናት፤ የሚቀርብላትም የጸጋ ስግደት እንጂ የአምልኮ ስግደት አይደለም። በሥዕሏ ላይ ያሉት ምልክቶችም ዞረው ዞረው ወደ ልጇ ያደርሳሉ።

ሥዕሏ በአገራችን የገነነችው በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት በዚህ ዘመን ከባድ ስደት ደርሶባቸዋል። መነኩሴው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የኖረው በዚያው ዘመን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው ትልቅ የእንጨት ሥዕል ስሙን ይዟል። በእርሱና እርሱን በተከተሉት ሠዓሊዎች ሥራ ማርያም ለልጇ አበባ ስትዘረጋ፣ ሕፃኑም ወፍ ይዞ ይታያል። አበባው ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ይወጣል ያለውን ያስታውሳል። ወፉን ያየ ምእመን ደግሞ ሕፃኑ ከጭቃ ወፎች ሠርቶ ሕይወት እንደሰጣቸው የሚተርከውን ተአምረ ኢየሱስን ያስባል።

ልጇን የምታቅፍበት ክንድ ሳይቀር አከራክሯል። ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ በዓፄ ልብነ ድንግል ግቢ አግኝቶታል። ሠዓሊው በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቅፎ ስለሣለ ሕዝቡ ግራ እጅ ክብር የለውም ብሎ እንደ ተቆጣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፏል።

ዛሬ በጣም የተወደደችው ሥዕል ግን ያንኑ የግራ ክንድ ይዛ የመጣችው ናት። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባል ጥንታዊ ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከ1569 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅጂዋን እያሠሩ ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይናና ወደ ሌሎች አገሮች አሰራጩ፤ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰች። ዓፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ሥዕሏ አልተባረረችም። የጎንደር ሠዓሊዎች የራሳቸው አደረጓት፤ ፊቷን ክብ፣ ዓይኖቿን ትልልቅ፣ ልብሷንም በአበባ የተጌጠ ጨርቅ አስመሰሉት።

የሥዕሏ ዋና ነገር እጆቿ ላይ ነው። ሁለቱ ይተላለፋሉ፤ ቀኙ በግራው አንጓ ላይ ያርፋል፣ የቀኙ ሁለት ጣቶችም ወደ ታች ይዘረጋሉ። የጣቶቹ ትርጓሜ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ አቀማመጡ ግን ሕፃኑን በክበብ ውስጥ ያስገባዋል፤ እርሷ ታቦት፣ እርሱ ማደሪያ ያደረጋት ጌታ መሆኑ በዚህ ይታያል። በግራ እጇ ያለው መሐረብ የእንባ መጥረጊያ ይመስላል፤ በጥንቱ የሮም ሥርዓት ግን የክብር ሰዎች የሚይዙት የማዕርግ ጨርቅ ነበር፤ እርሷንም ንግሥት ያሰኛታል። ሕፃኑ በቀኝ እጁ ይባርካል፣ በግራው መጽሐፍ ይይዛል። መጽሐፉ ወንጌል ነው፤ የታቀፈው ልጅ መምህርም መሆኑን ይናገራል።

መጎናጸፊያዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀሚሷ ቀይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ድርሰት ዳግሚት ሰማይ ስለምትባል ሰማያዊው ቀለም ይስማማታል። በመጎናጸፊያዋ ላይ የሚሣለው ኮከብ የድንግልናዋ ምልክት ነው፤ ቅድመ ወሊድ፣ ጊዜ ወሊድ፣ ድኅረ ወሊድ ድንግል መሆኗን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ሁለቱ መላእክት ሰይፍ መዝዘው እንደ ንግሥት አጃቢዎች ይቆማሉ። ፊቷ ወደ ተመልካቹ የዞረ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ የሚታዩ ናቸው። በኢትዮጵያ የሥዕል ልማድ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣሉት ሰይጣንና ክፉዎች ናቸው። ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይሣላል፤ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እንዲሁ ተደፍተው ይታያሉ።

ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሚሸጡት የታተሙ ሥዕሎች ብዙዎቹ ከአውሮፓ ሥዕሎች የተቀዱ ናቸው፤ ፊታቸው ያማረ ቢሆንም የተላለፉት እጆች፣ መሐረቡና መጽሐፉ የሉባቸውም። ሥዕል ለቤቱ የሚገዛ ሰው ከፊቷ ይልቅ መጀመሪያ እጆቿን ይመልከት።