አሮጌዪቱ ካሚዮን ትጠገን ወይስ ትለወጥ?

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ በሚወርደው ጎዳና ላይ ያሉትን ጋራዦች የጎበኘ ሰው፣ መኪና የሚጠገንበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ኑሮ የሚመዘንበትን ሚዛን ያያል። እኛም አንድ ቀን ከእነዚሁ ጋራዦች በአንዱ ቆመን ስንመለከት፣ ሞተሯ ወርዶ በእንጨት ላይ በተቀመጠ ባለተሳቢ ካሚዮን አጠገብ ባለንብረቱና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሲነጋገሩ አገኘን።

መኪናይቱ ለባለንብረቱ ከአባቱ የወረሳት ናት፤ እኅት ወንድሞቹም የተማሩት በእርሷ ገቢ ነው። አሁን ግን ሁለት መንገድ ቀርቦለታል። አንደኛው ሞተሯን አሳድሶ መቀጠል ነው፤ ሁለተኛው የአባቱን ቤት ለባንክ አስይዞ አዲስ መግዛት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቆማብሃለች?» ብለው ጥያቄውን በጥያቄ መለሱለት። ባለንብረቱ አላወቀም። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ መሆኑን የተረዳነው በኋላ ነው።

በአገራችን መኪናን እየጠገኑ ማኖር የቆየ ሙያ ነው። ኢጣሊያኖች ያመጡት ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ እስከ ዛሬ በስሙ ይታወሳል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 ደግሞ የአሰብንና የጅቡቲን መንገድ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። መካኒኮቻችን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያሉ የሚጠሯቸው ዕቃዎች የዚያ ዘመን ትምህርት ምስክሮች ናቸው። አዲስ መግዛት ለጥቂቶች ብቻ በሚቻልበት አገር፣ የጠፋውን ዕቃ በቶርኖ ቀርጾ የሚተካ ሰው ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ ሊጠገን የሚችል ሁሉ ሊጠገን ይገባዋል ማለት አይደለም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ አገር ቤት የሚገባው ጭነት ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ የአፋርን ሙቀት አልፎ፣ ከ2,000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣል፤ ስለዚህ ሞተር የሚፈተነው በመመለሻው ነው። እንበልና አሮጌዪቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ከአዲሲቱ 10 ሊትር አብልጣ ብትጠጣ፣ በአንድ ደርሶ መልስ 180 ሊትር ይባክናል። በወር ሦስት ጊዜ ብትመላለስ በዓመት 6,480 ሊትር ይሆናል። ደግሞም አንዱ ምልልስ 10 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ በዓመት 30 ቀን ጋራዥ የቆመች መኪና የሦስት ምልልስ ገቢ አስቀርታለች። የጋራዡ ደረሰኝ ግን ይህን ኪሣራ አያሳይም።

ታዲያ አዲስ መግዛት ይሻላልን? እዚህም ላይ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን መጠንቀቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው የመለዋወጫ ዕቃም አብሮ መወደዱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን መለዋወጫ በየጊዜው ሲገዛ፣ የአዲስ መኪና ዕዳ በአንድ ቀን ይሸከሙታል። ጭነት ባይገኝም የባንኩ ወለድ አይቆምም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ መንገደኛውን ከለቡ፣ ጭነቱን ከእንዶዴ የሚያነሣው የጅቡቲ ባቡርም በዚያው መሥመር ላይ ተወዳዳሪ ሆኗልና፣ ገዢው አስቀድሞ ጭነቱን ከወዴት እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት።

ሽማግሌው መካኒክ ለባለንብረቱ ሦስት ነገር መከሩት። መጀመሪያ፣ ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮም ይለወጣል፤ ሻንሲው በተበየደበት አጠገብ ደጋግሞ ከተሰነጠቀ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ይቁም። ሁለተኛ፣ ፍሬን፣ መሪና ጎማ የሰው ሕይወት ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ቁጠባ የለም። ሦስተኛ፣ ብልሽቱ ሁልጊዜ ከአንድ ምክንያት የሚመጣ ከሆነ ምክንያቱን አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ በየወሩ ሌላ ሌላ ዕቃ የሚሰበር ከሆነ ግን ያረጀው ዕቃው ሳይሆን መኪናይቱ ናት። «አምና ይህን ያህል አውጥቼባታለሁ» የሚለውን አሳብ ግን ከሒሳቡ አስወጡት፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና፣ የሚቆጠረው ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ነው።

ባለንብረቱ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ በየመሳቢያውና በሾፌሩ ኪስ የነበረውን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቦ ተመለሰ። ሦስቱም ቁጭ ብለው በቀን በቀኑ ሲደረድሩት፣ ከመቆሚያዎቹ የሚበልጡት ሞተሩ ከመጋሉ የመጡ ሆነው ተገኙ፤ ራዲያተሩ ሳይጸዳ ቴስታታው ብቻ እየተነሣ ሲከደን ኖሯል። ሻንሲው ሲመረመር ደህና ነበር። ስለሆነም ሞተሩ ከነማቀዝቀዣው እንዲታደስ ተወሰነ፤ ቤቱም ሳይያዝ ቀረ። ባለንብረቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገብ ከፈተ፤ መኪናይቱ አንድ ቀን መለወጧ አይቀርምና ከየምልልሱ ጥቂት ጥቂት ሊያስቀምጥ ቆረጠ።

ይህን የጻፍነው ለካሚዮን ባለንብረቶች ብቻ አይደለም። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተሹሞ፣ በግቢው የቆመች መኪና ወይም ዝም ያለች ማሽን ትጠብቀዋለች። አንዱ «አሮጌ ናት፣ ትጣል» ይለዋል፤ ሌላው «ገና ትሠራለች፣ ትጠገን» ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ይናገሩ ይሆናል፤ ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ በግምት አይወጣም። ወጣቱ ሹም ከመፈረሙ በፊት እንደ ሽማግሌው መካኒክ፣ «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቆመች? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመልስለት መዝገብ ከሌለ፣ ከጥገናውም ከግዢውም በፊት መዝገቡን ያስጀምር።