የትምህርት ቤቱ ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?

በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ከትምህርት ቤት የሚላኩ ማስታወቂያዎችን በአማርኛ ያገኛል። ካውንቲው ለወላጆች ከሚተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነውና። የዲሲፕሊን ደንብን ወይም የልዩ ፍላጎት ትምህርት መብቶችን የሚያብራራ ወረቀት ግን ከተርጓሚው በፊት የሕግ ሰው ሊያየው ይችላል። ወላጅ ይህን የሕግ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ልጁ ከትምህርት ታግዶ ይሆናል፣ አውቶቡስ ላይ ተጎድቶ ይሆናል፤ ወይም ስለ ልጁ የትምህርት ዕቅድ በተጠራ ስብሰባ ላይ ከመምህራኑ ጎን ፋይል የያዘ እንግዳ ተቀምጦ ያገኛል። “የዲስትሪክቱ ጠበቃ ናቸው” ይባላል። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ትምህርት ቤቱ የልጆች ስለሆነ ጠበቃውም ለልጄ የቆመ ነው ብሎ ይረጋጋል። በእኔ እምነት ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

አገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲከስም ሆነ ሲከሰስ ብዙውን ጊዜ የሚቆምለት ዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ከወረዳ እስከ ላይ የተያያዘ የአንድ መዋቅር አካል ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ መዋቅር የላቸውም። አገሪቱ ውስጥ 13 ሺህ ያህል የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። እያንዳንዱ ዲስትሪክት በራሱ ስም ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ መሬት ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ከመምህራን ማኅበር ጋር ይደራደራል። ስለዚህ ጠበቃውንም ራሱ ይፈልጋል። እንደ ሞንጎመሪ ያለው፣ 160 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ያሉት ዲስትሪክት የራሱ የሕግ ክፍል አለው። በገጠር ያለ፣ ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት ብቻ የሚያስተዳድር ዲስትሪክት ግን የራሱን ጠበቃ በደመወዝ መቅጠር ይከብደዋል። ስለዚህ ከአንድ የሕግ ቢሮ ጋር ይዋዋልና በሰዓት ወይም በወር ይከፍላል፤ ካልሆነም የትምህርት ቦርዶች ማኅበር ለአባላቱ በሚሰጠው የሕግ ምክር ይጠቀማል።

ሥራቸው ትምህርት ቤቶችንና ከተሞችን መወከል ብቻ የሆነ የሕግ ቢሮዎች አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማ ምክር ቤትም ሆነ የትምህርት ቦርድ ስብሰባውን በሕዝብ ፊት ማድረግ አለበት፣ ሰነዱን ለጠየቀ ማሳየት አለበት፣ ግዢውን በጨረታ መፈጸም አለበት። ሁለቱም ለግንባታ በቦንድ ይበደራሉ፤ በዚህ ጊዜ ቦንዱ በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን የሚያረጋግጥ የጠበቃ ጽሑፍ ከሌለ ገንዘቡን የሚያበድር አይገኝም። ለከተማ የሠራ ጠበቃ ለትምህርት ቤት ለመሥራት የሚጨምረው ዋናው ዕውቀት የተማሪውን ሕግ ነው።

የግል ድርጅት ጠበቃ “ይህ ተከልክሏል ወይ?” ብሎ ይጀምራል። የመንግሥት አካል ጠበቃ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይህን ለማድረግ ሥልጣን አለን ወይ?” ብሎ ነው። በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ዲለን የተባሉ የአዮዋ ዳኛ፣ ከተሞች ክልላዊው መንግሥት በግልጽ ከሰጣቸውና ከዚያ የግድ ከሚከተለው በቀር ሌላ ሥልጣን የላቸውም የሚል ደንብ አወጡ። ቨርጂኒያ እስከ ዛሬ በዲለን ደንብ ትተዳደራለች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው ሞንጎመሪ ካውንቲ ግን ከ1948 ጀምሮ የራሱ ቻርተር አለው። ስለዚህ ሞንጎመሪ በራሱ ምክር ቤት ለሚወስነው ጉዳይ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ ሄዶ የሕግ አውጪውን ፈቃድ መለመን ሊኖርበት ይችላል። በሁለቱ ካውንቲዎች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን “እዚያ ማዶ ተፈቅዶ እኛ ጋ ለምን ይከለከላል?” ሲሉ መልሱ አንዳንድ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ጠበቃው የማን ነው? የቦርዱ ነው። ርእሰ መምህሩ ደንበኛው አይደሉም። ዲስትሪክቱን የሚመሩት ሱፐርኢንቴንደንትም ቢሆኑ በግላቸው ደንበኛው አይደሉም። ከቦርዱ አባላት አንዱ ለብቻው ደውሎ የነገረውንም ጠበቃው ከቦርዱ ሊደብቅለት አይችልም። የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር የቦርዱ ንብረት ነው፤ የሚጠብቀውም ቦርዱ ነው፣ የሚያነሳውም ቦርዱ ነው። አንድ መምህር ለዲስትሪክቱ ጠበቃ የተናዘዘው ነገር ነገ የእሱና የቦርዱ ጥቅም ሲለያይ በእሱ ላይ ሊውል ይችላል። ጥሩ ጠበቃ ገና ንግግሩ ሲጀመር ይህን ይናገራል። ለወላጅም እንዲሁ ነው። የዲስትሪክቱ ጠበቃ ሊዋሽዎት አይፈቀድለትም፤ ሊመክርዎት ግን አይችልም።

የዚህ ጠበቃ አብዛኛው ሥራ ፍርድ ቤት አይደርስም፤ በስልክ ያልቃል። ጠዋት ምክትል ርእሰ መምህር ይደውላሉ። ሁለት ልጆች ተደባድበዋል፣ አንደኛውን ለአምስት ቀን ሊያግዱት ነው። ጠበቃው ሦስት ነገር ይጠይቃል። በምን እንደተከሰሰ ነግራችሁታል? እሱስ ምን አለ? የልዩ ፍላጎት ተማሪ ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የመጡት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ከወሰነው ጎስ እና ሎፔዝ ከሚባለው መዝገብ ነው። በኦሃዮ ኮሎምበስ ተማሪዎች ያለ ምንም ማድመጥ እስከ 10 ቀን ታግደው ነበር። ፍርድ ቤቱ አጭር እገዳ እንኳ ቢሆን ልጁ ጥፋቱ ሊነገረው፣ ካስተባበለ ማስረጃው ሊገለጽለትና የራሱን ወገን ሊያስረዳ ይገባል አለ። ሦስተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ በቅጣት የሚወጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከጉዳቱ የመነጨ መሆን አለመሆኑን ወላጅ ባለበት ስብሰባ መመርመር ግዴታ ነው። በስልክ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ጥያቄ የሁለት ዓመት ክርክር ያስቀራል።

ምዝገባ ላይም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ በቴክሳስ ታይለር የሚባል ከተማ የትምህርት ዲስትሪክት፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆች በዓመት 1,000 ዶላር እንዲከፍሉ ጠየቀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1982፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ አንድ ክልል እነዚህን ልጆች ከነፃ ትምህርት ማስቀረት አይችልም ተባለ። ውሳኔው በሱፐርኢንቴንደንቱ ስም ፕላይለር ይባላል። ዛሬ የዲስትሪክት ጠበቃ የምዝገባ ሠራተኞችን ሲያሠለጥን ከሁሉ በፊት የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው፦ ልጁ በዲስትሪክቱ ውስጥ እንደሚኖር የሚያሳይ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ሂሳብ ጠይቁ፣ ዕድሜውን ጠይቁ፤ ቪዛ አትጠይቁ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አልሰጥም ያለን ልጅ አትመልሱ። በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ ጠረጴዛው ጋ ቀርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ሠራተኛ የምትጠይቀውና የማትጠይቀው ነገር በዚህ ውሳኔ የተቃኘ ነው።

ከሁሉ ብዙ የጠበቃ ሰዓትና የወላጅ እንቅልፍ የሚበላው ግን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው። በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ ተብሎ የሚጠራው ሕግ ጉዳት ላለበት ልጅ ሁሉ ነፃና ተገቢ ትምህርት፣ አይኢፒ ከሚባል የግል ዕቅድ ጋር፣ እንዲሰጠው ያዛል። “ተገቢ” የሚለው ምን ያህል እንደሆነ ያልተከራከሩበት ዓመት የለም። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ዕቅዱ ልጁ እንደ ሁኔታው ሊያድግ የሚችልበትን ዕድገት የሚያስገኝ ሆኖ መነደፍ አለበት፤ ከምንም ይሻላል የሚባል ጥቂት ለውጥ አይበቃም ብሏል። ጉዳዩ የመጣው ከኮሎራዶ፣ ኦቲዝም ካለበት አንድ ልጅ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው መዝገብ ግን ከራሱ ከሞንጎመሪ ካውንቲ የወጣው ሻፈር እና ዊስት ነው። ቤተሰቡ ዲስትሪክቱ ያቀረበው ዕቅድ ለልጃችን አይበቃም ብለው በግል ትምህርት ቤት አስገቡትና ክፍያው ይመለስልን አሉ። የአስተዳደር ዳኛው ማስረጃውን ሰሙ፤ የሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነባቸው። የማስረዳት ሸክም የወላጆቹ ነው ብለው ለዲስትሪክቱ ፈረዱ። ከላይ ያለው ፍርድ ቤት ሸክሙ የዲስትሪክቱ ነው ብሎ መለሰላቸው። እኒያው ዳኛ መዝገቡን እንደገና አይተው፣ ማስረጃው እኩል ለእኩል ነው፤ ሸክሙ የዲስትሪክቱ ከሆነ ወላጆቹ ያሸንፋሉ አሉ። ማስረጃው አልተለወጠም፣ ዳኛውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሸክሙን የሚሸከመው ብቻ ነው። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛዋ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ፣ ሸክሙ ክርክሩን ባነሳው ወገን ላይ ነው ብሎ ዘጋው። ክርክሩን የሚያነሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወላጅ ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ነበር። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ በኋላ ባወጡት ሕግ ሸክሙን ወደ ትምህርት ቤቱ መልሰዋል።

በአንድ ወገን ፋይሉን ሁሉ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ጠበቃውን የያዘ ተቋም አለ። በሌላው ወገን ከሁለተኛ ፈረቃ የወጣች እናት አለች። እሷ ታስረዳ ማለት ከባድ ነው፤ የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲን መንገድ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ሕጉ ግን ለወላጅ ጥቂት መሣሪያዎች አስቀምጧል። ትምህርት ቤቱ ያደረገውን ምርመራ ካልተቀበሉ በሌላ ባለሙያ፣ በዲስትሪክቱ ወጪ፣ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላሉ። ዲስትሪክቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ምርመራ ትክክል መሆኑን ለማስረዳት ራሱ ችሎት ይጠራል። የልጅዎን ፋይል ማየት ይችላሉ፤ ከ45 ቀን በላይ ሊያስጠብቅዎት አይችልም። በአይኢፒ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ የልጁ ታላቅ እህት ተቀምጣ ማስተርጎም የለባትም። ወላጅ ከረታ ደግሞ ከ1986 ወዲህ የጠበቃው ክፍያ ከዲስትሪክቱ ሊመለስለት ይችላል። አስተዋይ የቦርድ ጠበቃ በዝግ ስብሰባ የሚያሰላው ይህን ነው፦ ብናሸንፍ እንኳ ምን ያህል እናወጣለን፣ አሁን መስማማትስ ምን ያህል ያስወጣናል፣ ብንሸነፍስ የሁለት ጠበቃ ዋጋ አንከፍልም ወይ?

አንድ ደንብ ግን ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል። ወላጅ የችሎት አቤቱታ ሲያቀርብ ዲስትሪክቱ በ15 ቀን ውስጥ የመፍትሔ ስብሰባ መጥራት አለበት። ወደዚህ ስብሰባ ወላጅ ጠበቃ ይዞ ካልመጣ ትምህርት ቤቱም ጠበቃ ይዞ መግባት አይችልም። ሕጉ ራሱ ጠበቃውን ከበር ያስቀረዋል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ባዶ እጁን መሄድን ይፈራል። የሚያውቅ ወላጅ ግን ፊት ለፊቱ የሚቀመጡት የትምህርት ሰዎች መሆናቸውን፣ ከእነሱም መካከል ለመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው መኖሩን ይረዳል።

ለከተሞችና ለካውንቲዎች ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበው የ1978ቱ የሞኔል ውሳኔ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ሴት ሠራተኞች ነፍሰ ጡር ሲሆኑ ያለ ደመወዝ ዕረፍት እንዲወጡ ይገደዱ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1871 የወጣውን የዜጎች መብት ሕግ መሠረት አድርጎ፣ የከተማ አስተዳደርም ሊከሰስ ይችላል አለ፤ ነገር ግን በደሉ የመጣው ከአስተዳደሩ ፖሊሲ ወይም ከለመደው አሠራር ከሆነ ብቻ ነው። የከተማ ጠበቃ መመሪያዎችን አንድ በአንድ የሚያነበው ለዚህ ነው።

ጠበቃው ይመክራል፤ የሚወስነው ቦርዱ ነው። በ2023 የሞንጎመሪ ቦርድ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና የፆታ ማንነት የሚነሳባቸውን የሕፃናት የተረት መጻሕፍት በተመለከተ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርቱ እንዲያስወጡ ይፈቅድ የነበረውን አሠራር አስቀረ። በሮክቪል በተደረጉት ሰልፎች ከሙስሊም ቤተሰቦች ጋር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናንም ወጥተው ነበር። የተለያየ እምነት ያላቸው ወላጆች ያቀረቡት ክስ መጀመሪያ በሱፐርኢንቴንደንት ማክናይት ስም ተከፈተ፤ እሳቸው ሲለቁ የተተኪያቸውን ስም ይዞ ማህሙድ እና ቴይለር ተባለ። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ወላጆቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ ሊፈቀድላቸው ይገባል ብሎ ወሰነ። የቦርዱ ጠበቆች በዝግ ምን መክረው እንደነበር ምስጢሩ የቦርዱ ስለሆነ ሕዝብ አያውቅም። ለጠበቃ የተከፈለው ገንዘብ ግን የግብር ከፋዩ ነው። በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ስንት እንደተከፈለ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት።

ወላጅ የራሱን ምክር ከየት ያገኛል? በእያንዳንዱ ክልል የፌዴራል መንግሥቱ የሚደግፈው የወላጆች ማዕከል አለ። በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ፣ በቨርጂኒያ ፒያትክ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን ይባላሉ። እነዚህ ማዕከላት ወላጅን የሚረዱት ያለ ክፍያ ነው። የችሎት አቤቱታ ላቀረበ ወላጅ ደግሞ ነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚሠሩ ጠበቆችን የሚያሳይ መረጃ መስጠት የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው። መረጃው ካልተሰጠዎት ይጠይቁ፤ በአማርኛ እንዲብራራልዎትም ይጠይቁ።