የአዲስ ዓሣ ኩሬ ውሃ አረንጓዴ ሲሆን ምን ይደረጋል?

በሐይቅ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የጨመረ ገበሬ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ቢያገኘው አይደንግጥ። ይህ አልጌ የሚባል ደቃቅ የውሃ ተክል ነው። በመጠኑ ሲሆን የዓሣ ምግብ ነው፤ ሲበዛ ግን ዓሣ ይገድላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ለውሃው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ስለዚህ ሊነጋ ሲል ኦክሲጅኑ ያልቃል። ማለዳ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ካያችሁ፣ ጊዜ አትስጡ።

መለኪያው ቀላል ነው። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ። መዳፋችሁ ክርን ያህል ጠልቆ ከጠፋ ደኅና ነው፤ ስንዝር ሳይሞላ ከጠፋ ግን አልጌው በዝቷል። ያን ጊዜ፦

1. ፍግና መኖ መጨመር አቁሙ።
2. የተንሳፈፈውን ግፈፉ።
3. ከኩሬው ጥቂት ቀንሳችሁ በማለዳ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ።
4. አረንጓዴ ሽፋን ካለበት ውሃ ከብት አታጠጡ። መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ማፍላትም አያጠፋውም።

የቀነሳችሁትን ውሃ ለጌሾ ወይም ለዛፍ ችግኝ አጠጡት እንጂ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት። ሐይቃችን ጅረት ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ፍግና ዩሪያ በቀላሉ አይለቀውም። ስለዚህ የክረምት ጎርፍ ማዳበሪያውን እንዳይወስድ በማሳውና በውሃው መካከል የሣር ድንበር ተዉ። ማሳችሁም ሐይቁም ይጠቀማሉ።