አየር ጠል ጋዝ ሠሪዎች

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር እበት የማይገባበት ሥራ የለም። አውድማ ይለቀለቅበታል፣ ጎተራ ይመረግበታል፣ ደርቆ ኩበት ሲሆን ምጣድ ያሰማል። በዚያው እበት ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ፣ ከአየር ተሸሽገው የሚነድ ጋዝ የሚሠሩ ፍጥረታት ይኖራሉ። ሚቴን ሠሪ አርኬያ ይባላሉ። የባዮጋዝ ማብላያ ያለው ገበሬ ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ እነሱን ያረባል።

ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ከባክቴሪያ ጋር ደምሮ ይቆጥራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርል ዎውስና ጆርጅ ፎክስ በህዋስ ውስጥ ፕሮቲን ከሚሠራው ክፍል የሚገኘውን አር ኤን ኤ ከፍጥረት ፍጥረት አነጻጸሩ። ሚቴን ሠሪዎቹ ከባክቴሪያም፣ ዕፅዋትና እንስሳት ካሉበት ወገንም የማይመደቡ ሆነው ተገኙ። በዚህ ምክንያት ለብቻቸው ሦስተኛ የሕይወት ዘርፍ ተሰጣቸው። ዘመዶቻቸው በአገራችንም አሉ፤ በአፋር ዳሎል ዙሪያ ባሉ እጅግ ጨዋማ ኩሬዎች ጨው ወዳድ አርኬያ በብዛት ተገኝተዋል። እስካሁን በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ የተረጋገጠ አርኬያ የለም።

ሚቴን ሠሪዎቹ መጀመሪያ የሚኖሩት በላሟ ትልቅ ጨጓራ ውስጥ ነው። ላም ገለባንና ሣርን በራሷ አቅም መፍጨት አትችልም። ጠንካራውን የተክል ክር የሚሰባብሩላት ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ሌሎች ረቂቅ ህዋሳት ናቸው። እነሱ ሲሠሩ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ ደግሞ የመፍጨቱ ሥራ ይጓተታል። አርኬያዎቹ አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው አንድ ሚቴንና ሁለት ውሃ ያወጣሉ፤ መኖሪያ ኃይላቸውን የሚያገኙትም ከዚሁ ነው። ላሟ አብዛኛውን ሚቴን የምታስወጣው ብዙዎች እንደሚገምቱት በኋላዋ ሳይሆን በአፏ፣ እያመሰኳች ስታገሳ ነው። ከእበቱ ጋር የሚወጡት አርኬያ አየር በሌለበት ጉድጓድ ከገቡ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እበትን አየር በሌለበት ጉድጓድ አብላልቶ ጋዝ የማውጣት ዕውቀት ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል። የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት ተሠራ። በስፋት ወደ ገበሬው ቤት መግባት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ነው። ከኔፓል ንድፍ ተሻሽሎ የተወሰደው «ስንዱ» የተባለው ማብላያ በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት በታች የሚሠራ ባለ ጉልላት ጉድጓድ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆነው ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ይይዛል።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ጠዋት ከበረት የተጠረገው ትኩስ እበት ማደባለቂያው ገንዳ ውስጥ ይጨመራል፤ በእበቱ ልክ ውሃ ይፈስበታል። ገለባውና ጠጠሩ በእጅ ተለቅሞ ከወጣ በኋላ እየታሸ ይቀጥናል፤ ቡሹ ሲከፈት ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። እዚያ መጀመሪያ ባክቴሪያዎች የተክሉን ክር ወደ ስኳር ይበትናሉ። ሌሎች ስኳሩን ወደ አሲድ፣ ሌሎች ደግሞ አሲዱን ወደ ኮምጣጤ አሲድ፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ። መጨረሻ ላይ አርኬያዎቹ ሚቴን ያወጣሉ። ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም የተብላላውን ዝቃጭ ወደ መውጫው ይገፋዋል፤ ምድጃው ሲከፈት ዝቃጩ ተመልሶ ጋዙን ወደ ቧንቧው ይገፋል። ሞተር የለውም፤ የሚሽከረከር ነገርም የለውም።

ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን ነው። ሙቀቱ ሲመች ከአንድ ኪሎ ትኩስ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል። 40 ኪሎ እበት በየቀኑ የሚያገባ ቤት አንድ ምድጃ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል ያነዳል ማለት ነው፤ ለወጥና ለቡና ይበቃል። እንጀራ መጋገር ብዙ ጋዝ ስለሚፈልግ በብዙ ቤት ምጣዱ አሁንም በእንጨት ነው የሚሰማው። ቢሆንም ጭሱ ሲቀንስ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው የእናቶች ዓይንና ሳንባ ነው።

ብዙ ማብላያዎች ከተሠሩ በኋላ ሥራ አቁመዋል። አንዱ ምክንያት ባለቤቱ ማብላያውን እንደ ግንባታ ማየቱ ነው፤ መታየት ያለበት ግን እንደ ከብት ነው። በየቀኑ መብላት አለበት። አርኬያ ቀስ ብሎ ነው የሚራባው፤ ባክቴሪያ በሰዓታት ሲበዛ እሱ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ አዲስ ማብላያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጠው ጋዝ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ እሳት አይዝም፤ መታገሥ ነው። በአንዴ እበት ከተጫነበት አሲድ ሠሪዎቹ ይቀድሙና ጉድጓዱ ይኮመጥጣል፤ ያኔ ምግቡን ቀንሶ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የልብስ ሳሙናና በረኪና፣ እንዲሁም አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበት አርኬያዎቹን ሊገድሉ ስለሚችሉ አይጨመሩም። ብርድም ያደክማቸዋል፤ ሥራቸው የሚፋጠነው በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በዚህ የተነሳ በክረምት፣ ይልቁንም እንደ ሰከላ ባለ ደጋ፣ ጋዙ ያንሳል፤ ወደ ብር ሸለቆ ቆላ ሲወረድ ይበረክታል። አራት ያህል ከብት የሌለው ወይም ውሃ የሚርቀው ቤት ግን ማብላያ ባያሠራ ይሻለዋል።

ጥንቃቄም አለው። የሚፈስ ቧንቧ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል እንጂ በክብሪት አይፈተሽም። የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ሕይወት ያሳጣል። ሚቴን ሳይነድ ወደ አየር ከተለቀቀ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ምድርን ያሞቃል፤ ስለዚህ ትርፉ ጋዝ ዝም ብሎ ከሚለቀቅ ቢነድ ይመረጣል።

ትልቁ ትርፍ ከምድጃው ይልቅ በማሳው ላይ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል። በማብላያ ግን በጋዝ የሚሄደው በዋናነት ካርቦኑ ነው፤ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ዝቃጩ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ ስለሚተን ጥላ ባለበት ጉድጓድ ከገለባ ጋር ተደርቦ ኮምፖስት ይሁን። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ ኖራ ቢጨመርበትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ይናፍቃል። በቆሎውና በርበሬው የሚበቅሉት በዚሁ አፈር ላይ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ማብላያ ስታስጀምሩ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ቧንቧው ብቻ አታስረዱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚኖሩት ፍጥረታትም ንገሩ። ማብላያ ያላችሁ ገበሬዎችም ጠዋት ከብቶቻችሁን ስታዩ ጉድጓዱንም እዩት፤ ምግቡን በልኩ ስጡት፣ ሳሙናና መድኃኒት አታስነኩት፣ ዝቃጩን ወደ ማሳችሁ አውጡት።