የሁለት ቋንቋ ትምህርትን ለማጥናት ዘዴ ስለ መምረጥ
(የአሶሳን አካባቢ ሁኔታ መነሻ በማድረግ)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸው ምን ፍሬ እንዳስገኘ ለማወቅ ልዩ ልዩ ጥናቶች ተካሂደዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን ጥናቱ የሚካሄድበት ዘዴ ራሱ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ደግሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በአሶሳ ዙሪያ በ1970ዎቹ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ አማርኛ ተናጋሪ ሠፋሪዎች ይኖራሉ፤ ከበርታዎችም መካከል ዐረብኛ የሚያውቁ አሉ። ስለዚህ «የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻውን አያስተማምንም። ልጁ ከእናቱ ጋር፣ በገበያና በጨዋታ ቦታ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ለየብቻ ቢጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የፈተናው ጉዳይ ነው። አሶሳ የማንጎ አገር እንደ መሆኗ፣ «አንዲት ሴት 24 ማንጎ ይዛ ገበያ ወጥታ 9 ብትሸጥ ስንት ይቀራታል?» የሚል የሒሳብ ጥያቄ ለአንድ የበርታ ልጅ በአማርኛ ቀረበለት እንበል። ልጁ ቢሳሳት፣ ያቃተው መቀነስ ነው ወይስ የዐረፍተ ነገሩ ትርጉም? ውጤቱ ይህን አይናገርም፤ ልጁ ግን «በሒሳብ ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄው በሦስት መንገድ፣ ይኸውም በቁጥር ብቻ (24 - 9)፣ በአማርኛና በበርታ ቋንቋ በቃል፣ በተለያየ ቀንና ቁጥሩ እየተለወጠ ቢቀርብ፣ በውጤቶቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል። ወደ በርታ የተተረጎመውን ጥያቄ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ ቢተረጉመው ስሕተቱ ይገለጣል።

ለትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀውና በ1999 ዓ.ም. የቀረበው አገር አቀፍ ጥናት የ8ኛ ክፍል የፈተና ውጤቶችን ከክፍል ውስጥ ምልከታ ጋር አጣምሮ ተጠቅሟል። ጥምረቱ የሚደገፍ ነው። ቁጥር ማን እንደ በለጠ ያሳያል እንጂ መምህሩ በመጽሐፉ ቋንቋ ጀምሮ ልጆቹ ሲጨነቁ ወደ ሌላ ቋንቋ መዞሩን አያሳይም።

ይሁን እንጂ የ8ኛ ክፍል ውጤት የሚነግረን እዚያ ስለ ደረሱት ብቻ ነው። ትምህርቱ ስላልገባው ከ2ኛ ክፍል የቀረ ልጅ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ስለዚህ አጥኚው ከ1ኛ ክፍል የተመዘገቡትን ልጆች ስም ይዞ በየዓመቱ ቢከተል፣ የቀሩትንም በየቤታቸው ሄዶ በራሳቸው ቋንቋ ቢያነጋግር ይመረጣል። ሥራው ጊዜና ወጪ ይጠይቃል፤ በተለይ ክረምት ሲገባ መንገዱ አስቸጋሪ ነው።