የካሊፎርኒያ ላውንድሪ ቤቶችና የመርዝ ዋጋ

መንግሥት ለጤናና ለተፈጥሮ ጠንቅ የሆነን ኬሚካል ከገበያ ለማስወጣት ሲነሣ በእጁ ያለው መሣሪያ ክልከላ ብቻ አይደለም፤ በኬሚካሉ ላይ ክፍያ ጥሎ ሊያስወድደውና የተሰበሰበውን ገንዘብ የተሻለ ዘዴ ለሚጀምሩ ሰዎች ሊሰጥ ይችላል። ይህ አሠራር የት እንደሚሠራና የት እንደሚደናቀፍ በግልጽ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዷ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ስትሆን፣ የተፈተነውም በየሰፈሩ ባሉ ትንንሽ ላውንድሪ ቤቶች ነው።

«ደረቅ እጥበት» የሚባለው ሥራ በእርግጥ ደረቅ አይደለም። ልብሱ በውኃ ፈንታ ቅባትን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ፈሳሹም በሙቀት ተንኖ ከልብሱ ከወጣ በኋላ ቀዝቅዞና ተጣርቶ ለሚቀጥለው እጥበት ሲመለስ፣ በማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተለይቶ ይወገዳል። ለዚህ ሥራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ፐርክሎሮኢትሊን፣ በሙያተኞቹ አጠራር «ፐርክ»፣ እሳት የማይይዝና ጨርቅ የማያኮማትር የክሎሪን ውሑድ በመሆኑ ተወዳጅ ነበር። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ብሎ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ከውኃ ስለሚከብድም ወለል ላይ የፈሰሰው በስንጥቅ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውኃን አልፎ ይዘቅጣል።

ለፐርክ ምትክ አልጠፋም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የልብስ ማጠቢያ ከበሮውን በዝግታ እያዞረ ሱፉን በውኃና በለስላሳ ሳሙና ያጥባል፤ ማድረቂያው እርጥበቱን እየለካ በጊዜው ይቆማል፤ ኮቱም በመወጠሪያ መተኮሻ ላይ ቅርጹን መልሶ ያገኛል። ባለ ሱቁን ወደ ኋላ የያዘው አዲስ መሣሪያ የሚጠይቀው ወጪ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ይህንኑ ከሁለት ወገን ያዘው። ከ2004 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጋሎን፣ ማለትም በ3.8 ሊትር ገደማ፣ ፐርክ ላይ 3 ዶላር ተጣለ፤ ክፍያው እስከ 2013 በየዓመቱ 1 ዶላር እንዲጨምርም ተደነገገ። ከዚህ ገንዘብ ወደ ውኃ ወይም በግፊት ፈሳሽ ወደሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚለወጥ ባለ ሱቅ 10,000 ዶላር ይሰጠው ነበር። ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ማጠቢያ ፈሳሾች ግን ትነታቸው የከተማን አየር የሚበክል በመሆኑ ድጎማው አልደረሳቸውም፤ የሕጉ ብልህነትም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንዱን ጉዳት በሌላ መለወጥ በሕዝብ ገንዘብ ሊደገፍ አይገባውም። ሆኖም ድጎማው የለውጡን ሙሉ ወጪ ስለማይሸፍንና የነዳጅ ዘይቱ ፈሳሽ አሠራር ከለመዱት ሙያ ብዙም ስለማይርቅ፣ ብዙዎቹ ያለ ድጎማ ወደዚያው ሄዱ። ክፍያው ከፐርክ ያሸሻል እንጂ ወዴት መሸሽ እንደሚገባ አይነግርም።

ኖርዌይም በ2000 በፐርክና በቅርብ ዘመዱ በትራይክሎሮኢትሊን ላይ በኪሎ የሚከፈል ግብር ስትጥል፣ ጎረቤቷ ስዊድን ትራይክሎሮኢትሊንን በ1996 ከልክላ ልዩ ፈቃድ ከሚጠይቁ ፋብሪካዎች ጋር እስከ ፍርድ ቤት የዘለቀ ክርክር ገጥማ ነበር።

ካሊፎርኒያ በመጨረሻ ሁለቱን መንገዶች፣ ክፍያንና ክልከላን፣ አጣመረች። የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ በ2007 ባጸደቀው ደንብ ከ2008 ጀምሮ አዲስ የፐርክ መሣሪያ መትከል ተከለከለ፤ የመጨረሻዎቹም እስከ ጥር 2023 ከሥራ እንዲወጡ ተወሰነ። ክፍያው ባለ ሱቁን በየዓመቱ ሲያስታውሰው፣ ደንቡ ደግሞ አሮጌ መሣሪያውን ሳያከስር የሚተካበትን 15 ዓመት ሰጠው። ቀደም ሲል ወደ አፈር የዘለቀውን ፐርክ የማጽዳቱ ወጪ ግን በክፍያው ውስጥ አልተቆጠረም፤ ዛሬም በመሬቱ ባለቤቶችና በሕዝቡ ትከሻ ላይ ነው።