የወተት ዘር የሚመረጠው ከኮርማው ነው

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ደህና የምትታለብ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳ፣ ጥጃው አድጎ ትከሻው የሰፋ ወይፈን ሲሆን ወይ ተኮላሽቶ ለእርሻ ይጠመዳል፣ ወይም በጥሩ ዋጋ ገበያ ይወጣል። ገዢ ያጣውና ለቀንበር ያልበቃው ደግሞ በወል ግጦሽ ላይ ከላሞች ጋር ይቀራል። የሚቀጥሉትን ዓመታት ጥጆች የሚያስወልደውም ይኸው የተረፈው ኮርማ ነው። በዚህ አኳኋን መንደሩ ሳያስበው የተሻለውን የወተት ዘር እያስወጣ የደከመውን ያስቀራል።

ይህን ማስተካከል ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው። ግጦሹ የጋራ፣ መንጋውም የተቀላቀለ ስለሆነ አንዱ ጥሩ ኮርማ ቢያኖር እንኳ የጎረቤቱ ደካማ ኮርማ ላሞቹን ያጠቃበታል። በመሆኑም ጉዳዩ በማኅበር የሚወሰንና የገበሬ ማኅበር መሪዎችን የሚመለከት ነው።

ኮርማው የመንጋው ግማሽ ነው

ጥጃ ከአባቱና ከእናቱ እኩል ይወርሳል። ኮርማ ራሱ ባይታለብም፣ ከእናቱ ያገኘውን የወተት ችሎታ ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። አንዲት ላም በአንድ ዓመት ከምትሰጠው አንድ ጥጃ አትበልጥም፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ዓመት አንድ ነው። ኮርማ ግን በዚሁ ጊዜ ውስጥ የብዙ ጥጆች አባት ይሆናል። ስለዚህ በላም ምርጫ የሚፈጸም ስሕተት በአንድ ቤት ሲቀር፣ በኮርማ ምርጫ የሚፈጸመው ግን መንደሩን ሁሉ ያዳርሳል።

የወተቱ ብዛትና የወተቱ ቅባት

በዘር የሚወረሰው የወተቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቅባቱም ጭምር ነው። አብዛኛዎቹ የአገራችን ላሞች በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ብቻ ቢታለቡም ወተታቸው ወፍራም ነው፤ ከመቶው 5 ወይም 6 እጅ ያህሉ ቅባት ነው። ፍሪዥያን የሚባለው የውጭ ዝርያ ብዙ ወተት ሲሰጥ ቅባቱ ከመቶው ከ3.5 እስከ 4 እጅ ያህል ነው። ጀርሲ የሚባለው በአካሉ አነስ ያለው ዝርያ ደግሞ ወደ 5 እጅ ይደርሳል።

የዚህ ምክንያቱ በከፊል ታውቋል። በ1994 ዓ.ም. የቤልጂግና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ከዘር ቅንጣቶች ወይም ከጂኖች አንዱን ለይተው ገለጹ። ይህ ጂን በአንደኛው መልኩ ቅባቱን ከፍ ሲያደርግ የወተቱን መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ በሌላው መልኩ ደግሞ ወተቱን አብዝቶ ቅባቱን ያሳሳል። ሻኛ ያላቸው ከብቶች በአብዛኛው ቅባት የሚጨምረውን መልክ የያዙ መሆናቸውም ከዚያ ወዲህ ታውቋል። እርግጥ ወተትን የሚወስኑት ጂኖች ብዙ ናቸው፤ ይህ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ቀጭን ወተት ሁልጊዜ ቅቤ ያሳጣል ማለት አይደለም። 5.5 እጅ ቅባት ያለው 2 ሊትር ወተት ወደ 110 ግራም ቅባት ሲይዝ፣ 3.8 እጅ ቅባት ያለው 8 ሊትር ግን ወደ 300 ግራም ይይዛል። ልዩነቱ፣ ስምንት ሊትር የምትታለበው ላም የምትፈልገው መኖና እንክብካቤ እጅግ የበዛ መሆኑ ነው። ወተት በሊትር በሚሸጥበት የከተማ ዳርቻ ብዛቱ ይጠቅማል። ከመንገድ ርቆ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ብቻ ገበያ በሚወጣበት ቀበሌ ግን ቅባቱም ሊታሰብበት ይገባል።

ዘር ያለ መኖ

በሚገባ በተያዙ መንጋዎች እንኳ፣ ከላም ላም በሚታየው የወተት ብዛት ልዩነት ውስጥ በዘር የሚመጣው ከሩብ እስከ ሲሦ ያህሉ ነው። የቀረው የመኖ፣ የውሃ፣ የጤናና የአያያዝ ውጤት ነው። በቅባቱ መጠን ላይ ግን የዘር ድርሻ ከፍ ብሎ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአርሲ፣ ካዱ በሚባለው የልማት ድርጅት አማካይነት የአካባቢው ላሞች ከፍሪዥያን ጋር ተዳቅለው ነበር። በደህና አያያዝ የመጀመሪያዎቹ ክልሶች ከእናቶቻቸው ከእጥፍ በላይ ታልበዋል። ነገር ግን ክልስ ከክልስ ጋር ሲዳቀል፣ ሁለት የተራራቁ ዘሮች መጀመሪያ ሲገናኙ የሚገኘው ብርታት ግማሹ ስለሚጠፋ ወተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ክልስ ወይፈን አይቶ «የፈረንጅ ዘር ነው» በማለት ብቻ የመንደር ኮርማ ማድረግ ያሳስታል። የውጭው ደም እየበዛ ሲሄድም በሽታንና የመኖ እጥረትን የመቋቋም ኃይል ይደክማል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የየላሞቹ ወተት ይለካ። በወር አንድ ቀን የጠዋቱንና የማታውን በአንድ ዓይነት ጣሳ ለክቶ ከላሚቱ ስምና ከወለደችበት ቀን ጋር መመዝገብ ይበቃል። ጥጃው የሚጠባው ከልኬቱ ውጭ ስለሚሆን፣ አስጠብቶ ማለብ በሁሉም ቤት በአንድ መንገድ ይፈጸም። የሚነጻጸሩትም በአንድ ወቅት የወለዱ፣ በወሊድ ቁጥርም የተቀራረቡ ላሞች ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ የበለጠች ላም የወለደችው ጤነኛ ወይፈን ሳይኮላሽና ሳይሸጥ ለኮርማነት ይያዝ። ባለቤቱ በዚህ የሚያጣው ጥቅም ስላለ አባላቱ መኖ በማዋጣት፣ በእርሻ ጊዜም በወንፈል በመርዳት ይካሱት። ሌሎቹ ወይፈኖች ላም ለማጥቃት ሳይደርሱ ይኮላሹ።

ሦስተኛ፣ ኮርማው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ፣ ሴት ልጆቹ ለአቅመ ጥቂ ከመድረሳቸው በፊት ከጎረቤት ማኅበር ኮርማ ጋር ይለወጥ።

የዚህ ሥራ ፍሬ በአንድ ዓመት አይታይም። ዛሬ የተመረጠ ኮርማ ልጆች አድገው፣ ወልደው እስኪታለቡ አራት ወይም አምስት ዓመት ያልፋል። ላሞቹ በተለኩበት ቀበሌ ግን ያ ጊዜ ሲደርስ የተገኘው ለውጥ በመዝገቡ ላይ ይነበባል። ባልተለኩበት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል።